አዲስ ምጣድ እንዴት ይሟሻል? ማሰሻውስ ምን ይሁን?

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ እንግዳ አቀባበልና ስለ ልብስ አያያዝ ብዙ ተጽፏል። ስለ ምጣድ ግን እስከ ዛሬ ያነበብሁት ነገር የለም። ምናልባት ነገሩ የጓዳ ስለ ሆነ ለተማረና ለተሾመ ሰው ንባብ የማይገባ መስሎ ታይቶ ይሆናል። ዳሩ ግን የተሾመውም ያልተሾመውም ማታ ከመሶብ ቀርቦ የሚቈርሰው እንጀራ ከምጣድ ላይ የተነሣ ነው፤ እንጀራው ተቀዳዶ የቀረበ እንደ ሆነም ከሁሉ አስቀድሞ ፊቱን የሚያጠቍረው የቤቱ ጌታ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዕለት ስለ ምጣድ፤ ይልቁንም እንጀራው ከሸክላው ጋራ እንዳይጣበቅ ስለሚቀባው ነገር ለመጻፍ አሰብሁ።

ወደዚህ ነገር የመራኝ በሥራዬ ላይ ያጋጠመኝ አንድ ክርክር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰመራ ሳለሁ፤ አንድ ቀን ጧት ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፤ ዕድሜዋ ከሃያ የማያልፍ አንዲት ልጅ ከጠረጴዛዬ ፊት መጥታ ቆመች። ክስ ለማስጻፍ እንደ መጣች ነገረችኝ። በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራ የሁለት ወር ደመወዟን ተከልክላ ኖሯል።

«ስለ ምን ከለከሉሽ?» ብላት፤

«ምጣድ ሰብረሻል ተብዬ ነው፤ ጋሼ» አለች።

«ስንት ምጣድ?»

«ሁለት። ሦስተኛው አልተሰበረም፤ ነገር ግን እንጀራ እየያዘ አስቸገረኝ። እጅሽ ክፉ ነው ይሉኛል፤ ለሌላም ቤት እንዲሁ ብለው ነግረውብኛል።»

ከገንዘቡ ይልቅ ይህ የኋለኛው ቃል እንደ ከበዳት ከድምፅዋ ታወቀኝ። ሠርታ የምታድር ልጅ ሀብቷ እጅዋ ነው፤ እጅዋ ክፉ ነው የተባለ እንደ ሆነ በዚያች ከተማ ደጅ የሚከፍትላት አታገኝም። አዲስ ሙሽራም ብትሆን ከአማቷ ዘንድ የሚደርስባት ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በብዙ ቤት ምጣዱ ሳይሟሽ ሴቲቱ ትከሰሳለች።

የቤት ሠራተኛ ነገር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሳይሆን በ1952 ዓ.ም. በወጣው በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚታይ ነው፤ ዝርዝሩን ግን ለሕግ ዓምድ ልተወው። ለእኛ የሚበቃን፤ ዳኛው ሁለቱን ወገኖች ሰምተው ነገሩን በሽምግልና ቢጨርሱት እንደሚሻል መከሩአቸውና እነርሱም መስማማታቸው ነው። ሽማግሎቹ ሦስት ወንዶች ነበሩ። ሦስቱም ስለ ምጣድ የሚያውቁት እንጀራውን መብላት ብቻ ስለ ነበረ፤ ከመካከላቸው አንዱ ብልህ ሰው «ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው ይጠራ» ብለው ከሎግያ አንዲት ሴት አስመጡ። እኒህ ሴት በዚያ በጅቡቲ መንገድ ለሚመላለሱት የከባድ መኪና ነጂዎች እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ፤ አገሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ናቸው። እኔም ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ስለ ተጠየቅሁ አብሬ ሄድሁ።

እትዬ ከጓዳው እንደ ገቡ ማንንም ምንም አልጠየቁም። ጣታቸውን ከውሃ ነክረው በቀዝቃዛው ምጣድ ላይ ሦስት ጠብታ አንጠበጠቡ። ጠብታው እንደ ወደቀ ሸክላው ጠጣው፤ እርጥብ ነጥብ ብቻ ቀረ። እርሳቸውም ቀና ብለው «ይህ ምጣድ ገና ጥሙ አልተቈረጠም፤ እናንተ ሊጥ ታጠጡታላችሁ፤ እንዴት አይያዝ?» አሉ።

በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ያለው እውቀት ብዙ ነው። ሸክላችን በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚተኰስ ስለ ሆነ፤ እንደ ፋብሪካ ሸክላ ሁለንተናው እስኪገጣጠም ድረስ አይበስልም። ስለዚህ ሰውነቱ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሊጡ በፈሰሰ ጊዜ ቀጭኑ ክፍል ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል፤ በእሳቱም ይበስልና እንደ ሙጫ ይሆናል። እንጀራው ሲነሣ ያ በውስጥ የቀረው ክፍል ስለሚጐትተው ይቀደዳል። ሸክላ ሠሪዋ ይህን አስቀድማ ስለምታውቅ ምጣዱ ሳይደርቅ ፊቱን በለሰለሰ ድንጋይ ደጋግማ ታሸዋለች፤ ይህም ቀዳዳውን ያጠባል። ፈጽሞ የሚዘጋው ግን ዘይት ነው። የዘይት ያለው ፍሬ ተወቅጦ በጋለው ምጣድ ላይ ሲታሽ፤ ዘይቱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሰርግና በሙቀት ጠንክሮ ጥቍር ብልጭ የሚል ልባስ ይሆናል። ማሟሸት ማለት ይህ ነው። (ሸክላ ሠሪዎቻችን ለዚህ ሁሉ ብልኀታቸው በብዙ አገር ሲናቁና ክፉ ስም ሲሰጣቸው መኖራቸውን ሳስብ አፍራለሁ። በእጃቸው ሥራ እየበላን እነርሱን ከማዕዳችን ስናርቅ ኖርን።)

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ፤ ሁሉ ዘይት ለዚህ ሥራ አይሆንምና።

የኬሚስትሪ ሊቃውንት ዘይትን በአየርና በሙቀት የሚደርቅና የማይደርቅ ብለው ይለዩታል። የተልባ ዘይት ከሚደርቁት ሁሉ የፈጠነ ነው፤ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በእርሱ የሚለውሱት ስለዚህ ነው። ኑግና ሱፍ ከእርሱ ቀጥለው ይመጣሉ። የጥጥ ፍሬ ዘይት መካከለኛ ነው። ከዘንባባ ዓይነት ፍሬ የሚጨመቀውና በየሱቁ በቢጫ ጀሪካን የሚሸጠው የፓልም ዘይት ግን እኩሌታው ያህል የማይደርቅ ስብ ስለ ሆነ፤ በምጣድ ላይ ቢቀባ ሳይጠነክር እንደ ማር ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል። በዚያ በሰመራ ቤት የሆነውም ይኸው ነበር። እመቤቲቱ የጎመን ዘር ከሱቅ ቢያጡ በጓዳ ያለውን የፓልም ዘይት በብዛት አፍስሰው አስቀቡት። ዘይቱ ለቀዳዳው መዝጊያ በመሆን ፈንታ ራሱ ሙጫ ሆነ።

በደጋም በቆላም ሴቶቻችን አብዝተው የሚመርጡት ጎመን ዘር ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት የጎመን ዘር ዘይት ከተልባና ከኑግ ያነሰ ድርቀት አለው፤ ታዲያ ስለ ምን ተመረጠ ብዬ እትዬን ብጠይቃቸው «ዘይት አፍስሼ አላውቅም፤ ዱቄቱን ነው የማሸው» አሉኝ። በኋላ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ከጎመን ዘር ክብደት ከመቶ 40 ያህሉ ዘይት ነው፤ የቀረው ገለባና ዱቄት ነው። ፍሬው ተወቅጦ ሲታሽ ዘይቱ ጥቂት በጥቂት ይወጣል እንጂ አያጥለቀልቅም፤ ገለባውም ምጣዱን እንደ ቀላል ብርድ ልብስ ሳይሆን እንደ ቀላል ሞረድ እያሻሸ ያለሰልሰዋል፤ ድቃቁም ከዘይቱ ጋራ ሰፋፊውን ቀዳዳ ይሞላል። ተልባ ብቻውን ሲሆን ልባሱ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ወፍራም ሆኖ የተቀባ እንደ ሆነ በኋላ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተላጠ ከእንጀራ ጋራ ይነሣል። ኑግ መልካም ነው። በዋጋው ግን ለምጣድ ከማዋል ለዘይትና ለወጥ ማዋል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋራ ነኝ።

የጎመን ዘር ጢስ ዓይንና ጕሮሮ የሚያቃጥል መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በተዘጋ ጓዳ፤ ይልቁንም ሕፃን ታቅፎ፤ ይህን ሥራ መሥራት አይገባም። መስኮትና ደጅ ይከፈት።

ስለ ልባስ ነገር ከተነሣ ዘንድ፤ በሩቅ አገር ከምጣድ ጋር ምንም የማይገናኝ በሚመስል ሥራ ይህ ጣጣ እንዳለ ሳነብ ተደንቄአለሁና ጥቂት ልናገር። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያየ ሰው መስታወት እንዴት ባለ ጥበብ እንደሚሠራ መጠየቁ አይቀርም። ያ ባለ ቀለም መስታወት ተቈርጦና ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ሌላ ዓይነት ሥራ ደግሞ አለ፤ ዝርግ መስታወትን በሸክላ ቅርጽ ላይ አስቀምጠው በምድጃ ውስጥ ሲያግሉት፤ በ650ና በ680 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መስታወቱ ለስልሶ ወደ ቅርጹ ይወርድና ሳህን ወይም ጽዋ ይሆናል። ሁለት መስታወት አቅልጦ አንድ ማድረግ የተፈለገ እንደ ሆነ ደግሞ ሙቀቱ እስከ 800 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። መስታወትም ሸክላም ሥራቸው ከአሸዋ ዘር ስለ ሆነ በዚያ ሙቀት እርስ በርሳቸው ይዋደዳሉ፤ ከተጣበቁም በኋላ ሲቀዘቅዙ አንዱ አብዝቶ ሌላው አሳንሶ ስለሚኰማተር ሁለቱም ይሰነጠቃሉ። የእኛ ቢቀደድ እንጀራ ነው፤ የእነርሱ ግን የወር ሥራ በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

ስለዚህ ቅርጹን አስቀድመው በነጭ ዱቄት ይለብጡታል። ዱቄቱ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ከመስታወት ጋራ የማይዋደድ የአሉሚኒየም ውሁድ፤ ሁለተኛው ይህን ዱቄት ከሸክላው ጋራ የሚያያይዝ ካኦሊን የተባለ ነጭ አፈር። ካኦሊን በአገራችንም በጉጂ ምድር በቦምቦዋ የሚቈፈር፤ ለሐዋሳው የሴራሚክ ፋብሪካ ሥራ የሚውል ነው። አንድ እጅ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ በጥብጠው በለስላሳ ብሩሽ አራት አምስት ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡታል፤ በየጊዜውም የብሩሹን አቅጣጫ ይለውጣሉ፤ ከዚያም ፈጽሞ እስኪደርቅ ያሞቁታል። እርጥበት የቀረበት እንደ ሆነ እንፋሎቱ መስታወቱን ያቈስለዋል። በ680 ዲግሪ የሠራ ልባስ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ በ800 የተተኰሰ ግን ካኦሊኑ ጠባዩ ስለሚለወጥ ተፍቆ እንደ ገና መቀባት አለበት፤ አለዚያ ለሚቀጥለው መስታወት ልባሱ ራሱ ተጣባቂ ይሆናል። ቦሮን ናይትራይድ የሚባል ሌላ ልባስም አለ፤ ዋጋው የከበደ ሲሆን ፊቱ ግን እጅግ ለስላሳ ነው።

እኛ በዚያ ነጭ ዱቄት ምጣዳችንን ብንለብጥ ከእንጀራው ጋራ ስለምንበላው አይሆንም። እነርሱም በጎመን ዘር ቢያሹ ዘይቱ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ተቃጥሎ ይጠፋል። እንጀራ የሚበስለው ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነውና፤ በዚህ ልክ ዘይት ይጠነክራል እንጂ አያልቅም። ነገር ግን ስስ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት፤ አቅጣጫ መለዋወጥና አስቀድሞ ማድረቅ በሁለቱም ሥራ አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው ሳቁና «ፈረንጅም ምጣድ አለው በለኛ» አሉኝ።

ወደ ሰመራው ጓዳ እንመለስ። የተሰበሩት ሁለት ምጣዶች እንዴት እንደ ተሰበሩ ሲጠየቅ፤ የመጀመሪያው ከባቲ ገበያ ተገዝቶ በመኪና እንደ ደረሰ አቧራውን በውሃ አጥበው ወዲያው ከኤሌክትሪኩ ምድጃ ላይ አኖሩት፤ ኤሌክትሪኩንም በሙሉ ኃይሉ ለቀቁት። ሸክላው የጠጣው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ምጣዱን ከመካከሉ ሰነጠቀው። ሁለተኛው ደግሞ እንጀራ ቢይዝ ጊዜ፤ የያዘውን ለማላቀቅ ከጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ተደፋበት። ይህን ያዘዘ ማን እንደ ሆነ ሽማግሎቹ ሲጠይቁ እመቤቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «እኔ ነኝ» አሉ። እመቤቲቱ ክፉ ሴት አልነበሩም። ከደጋ አገር ወደዚያ ሐሩር በመዛወራቸው ተማርረው፤ በእናታቸው ቤት ምጣድ ሲሟሽ እንኳ አይተው የማያውቁ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን ሁላችንንም አስደነገጠን። እመቤቲቱ ልጅቱ እንቢተኛ መሆኗን ለማስረዳት «ጎመን ዘር ቢጠፋ ከሰው ለምኜ የጥጥ ፍሬ አምጥቼላት፤ ይህን ወቅጠሽ እሺው ብላት አሻፈረኝ አለች» ሲሉ ተናገሩ። የጥጥ ፍሬ በቆላ አገር ለምጣድ ማሰሻ መዋሉ የታወቀ ነው፤ በአዋሽ ሸለቆም ከጥጥ የበለጠ የሚገኝ ነገር አልነበረም። በላይ በመልካ ወረርና በመልካ ሰዲ፤ በታች በዱብቲና በአሳይታ ዙሪያ የጥጥ እርሻ ከተስፋፋ ብዙ ዘመን ነው፤ የተንዳሆው ትልቅ እርሻ የእንግሊዝ ኩባንያ በሚቸል ኮትስ የተመሠረተው በ1961 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነበር። ስለዚህ የእመቤቲቱ አሳብ በራሱ ስሕተት አልነበረም። እትዬ «እስቲ ፍሬውን አምጡልኝ» አሉ። ከመደርደሪያው ላይ በላስቲክ የታሰረ አንድ ኪሎ የሚያህል ፍሬ መጣ። ሲፈታ ፍሬው ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ሆኖ ተገኘ፤ ሽታውም የተባይ መርጫ ሽታ ነበር።

እትዬ ላስቲኩን መልሰው አሰሩትና እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠቡ። ከዚያም ወደ ልጅቱ ዘወር ብለው «ለምን አልወቅጥም አልሽ?» ቢሏት «ሽታው የመድኃኒት ነው፤ ልጆቹም ይበሉታል ብዬ ነው» ብላ መለሰች። በዚያ ቤት ሦስት ሕፃናት ነበሩ።

ይህን ነገር በተለይ በአዋሽ ሸለቆና በሌላም የጥጥ አገር ያላችሁ አንባቢዎቼ በብርቱ እንድታስተውሉት እለምናችኋለሁ። ከመዳመጫ ፋብሪካ የሚወጣው የጥጥ ፍሬ ሌላ ነው፤ ለዘር ተብሎ የተዘጋጀው ሌላ ነው። ለዘር የሚሆነው በመሬት ውስጥ ተባይና ሻጋታ እንዳይበላው በመርዝ ይቀባል፤ ሰው እንዳይሳሳትም ቀይ ወይም ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም ይደረግበታል። ይህን ፍሬ ማጠብ አያነጻውም፤ በምጣድ ላይ ሲቃጠልም ጢሱ ለሚጋግረው ሰው፤ ቅሬታው ለሚበላው ሰው ጕዳት ነው። በቆሎም ሆነ ስንዴ ለዘር ተቀብቶ የመጣ ሁሉ እንዲሁ ነው። ንጹሑም የጥጥ ፍሬ ቢሆን ጎሲፖል የሚባል የተፈጥሮ መርዝ በውስጡ ስላለበት፤ ምጣድ ከታሸበት በኋላ ድቃቁ አንዲት ሳይቀር ተጠርጎ መጣል አለበት እንጂ እንደ ጎመን ዘር ቸል አይባልም። እኔ ብጠየቅ፤ ጎመን ዘር ከባቲ ወይም ከኮምቦልቻ በመኪና እስኪመጣ ድረስ አንድ ሳምንት ዳቦ መብላት ይሻላል እላለሁ።

ፍሬው ተለይቶ ከተነሣ በኋላ እትዬ ሦስተኛውን ምጣድ በሽማግሎቹ ፊት ሊያሟሹት ተነሡ። ወንዶች በጓዳ ተቀምጠን ይህን ስንመለከት ማየት ለእመቤቲቱ እንግዳ ነገር ነበር። እኔ በቃለ ጉባኤው ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁት።

አስቀድመው ምጣዱን በጣታቸው አንኳኩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። የተሰነጠቀ ቢሆን ድምፁ ይታፈናል፤ ስትገዙም ይህን አትርሱ። ቀጥለው የተጣበቀውን የፓልም ዘይት ለማስለቀቅ ምጣዱን ጥቂት አሙቀው በሻካራ ጨርቅና በገል ድቃቅ አሹት፤ ሳሙናም ውሃም አላስነኩትም። ከዚያ ኤሌክትሪኩን አብርተው ጥቂት ሲቈይ አጠፉት፤ ደግሞ አበሩት፤ ደግሞ አጠፉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል የሚስብ ስለ ሆነ ገና ለገና የለቀቁት እንደ ሆነ በጥቂት ደቂቃ ይግላል፤ ለለመደ ምጣድ መልካም ነው፤ ለአዲስ ግን ጥፋት ነው። በየመካከሉ አክንባሎውን ደፍተው ሲያነሡት ከውስጡ ላብ ይታይ ነበር። አክንባሎው ደረቅ ሆኖ እስኪነሣ ድረስ ወደ ማሰሻው አልሄዱም። ይህ ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። አዲስና እርጥብ ምጣድ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ማድረቅ ብቻ፤ ማሟሸቱ በማግሥቱ እንደሚሻል ነገሩኝ፤ በመካከሉም ከምድጃው ሳይነሣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

ከቤታቸው ያመጡት የጎመን ዘር በሙቀጫ ተወቅጦ ነበር። አንድ እፍኝ በምጣዱ መካከል በትነው በታጠፈ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር እየዞሩ አሹት፤ ጢሱ ቤቱን ሞላው፤ ሦስቱም ሽማግሎች እያሳሉ ወደ ደጅ ወጡ። ፍሬው ሲጠቍር ጠርገው ጣሉትና ሌላ እፍኝ በተኑ፤ አሁን ግን ከዳር ወደ መካከል። እንዲህ እያደረጉ አምስት ጊዜ ሲሆን ምጣዱ እንደ ጥቍር ሐር ማብለጭለጭ ጀመረ። ውሃ ቢያንጠባጥቡበት ጠብታው ክብ ሆኖ እየዘለለ ሄደ እንጂ አልጠለቀም። ቀጥሎ ሊጡን ቀጠን አድርገው አንድ እንጀራ ጋገሩ። እርሱ የምጣድ ማሟሻ ነው፤ አይበላም። ሁለተኛው ጥቂት ከዳር ያዘ። ሦስተኛው ሰፌድ ሲሰደድበት እንደ ወረቀት ተነሣ፤ ዓይኑም የተሟላ ነበር።

በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግሩ ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ይጨምሩ። የሚያግለው ሽቦ ከሸክላው ሥር በተቈፈረ ቦይ ውስጥ ተቀምጦ በጀሶ የተመረገ ስለ ሆነ፤ በላዩ ውሃ መድፋት ሸክላውን ከመስበሩ ሌላ ለሰውም ሕይወት የሚያሰጋ ነው። ማጽጃው ማሰሻው ራሱ ነው፤ ከእንጀራ እንጀራ መካከል ቀለል አድርጎ ማሰስ ይበቃል።

ስለዚህ ሁሉ ድካም ፈንታ ቴፍሎን የተለበጠ የብረት ምጣድ መግዛት ይሻላል የሚሉ ዘመናውያን አሉ። ቴፍሎን በ1938 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተገኘ ነገር ነው፤ ምንም እንደማይጣበቅበት እውነት ነው። ዳሩ ግን ከ260 ዲግሪ በላይ የጋለ እንደ ሆነ መበላሸት ይጀምራል፤ አንድ ጊዜ የተጫረ ልባስም እንደ ሸክላው በአንድ እፍኝ ጎመን ዘር አይታደስም። የእንጀራውም ጣዕም እንደ ሸክላው አይሆንም፤ ይህ ግን የእኔ አፍ ይሆናል።

በአገሩ ያሉት የአፋር እናቶች ምጣድ ባያዘወትሩም ዕቃን አስቀድሞ ለሥራው ማሰናዳትን ከማንም የተማሩ አይደሉም። የወተት ዕቃቸውን በመረጡት እንጨት ጢስ ሳያጥኑ ወተት አያልቡበትም፤ ወተቱ በዚያ ሙቀት ሳይበላሽ የሚቈየውም ከዚህ የተነሣ ነው። የትኛው እንጨት ለየትኛው ዕቃ እንደሚሆን ሲመራረጡ የሰማ ሰው፤ እትዬ ስለ ጎመን ዘርና ስለ ኑግ ሲናገሩ የሰማ ይመስለዋል።

ሽማግሎቹ ጢሱ ከጠራ በኋላ ተመልሰው ተቀመጡ። ፍርዱም አጭር ነበር፤ የሁለት ወሩ ደመወዝ ሳይጐድል ይከፈል፤ የምጣዶቹ ዋጋ የቤቱ ነው፤ እጅሽ ክፉ ነው የተባለውም ቃል ለተነገረባቸው ቤቶች በእመቤቲቱ አንደበት ይመለስ። የመጨረሻውን የጨመሩት እትዬ ናቸው። እመቤቲቱ ሦስቱንም እሺ አሉ፤ ሐምራዊውንም ፍሬ ለሰጣቸው ሰው በዚያው ቀን መለሱለት። ልጅቱ ገንዘቧን ቈጥራ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና እመቤቲቱን እጅ ነሥታ ወጣች። በዚያ ሳምንት ከእትዬ ዘንድ በጋጋሪነት ገባች፤ እኔም ከሰመራ እስክነሣ ድረስ የሎግያን እንጀራ የበላሁት ከእጅዋ ነው።